ገበያተኛ ሲሳሳት ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ፣ ቀረጡንና የማጓጓዣውን ዋጋ ከፍሎ፣ መደብሩን አሳምሮ ከከፈተ በኋላ፣ ገበያተኛው ገብቶ ሳይገዛ ቢወጣ፣ ወይም የገዛውን ዕቃ በማግሥቱ «አይሠራም» ብሎ ቢመልስ፣ ወይም የማዘዣውን ወረቀት አበላሽቶ ሞልቶ ቢልክ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ሰዉ አያውቅም፤ ቢነግሩትም አይሰማም» ይባላል። ይህ ፍርድ ለፈራጁ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ፍርድ ነው። ጥፋቱ የገበያተኛው ከሆነ ነጋዴው ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰብስቦ ማስተማር አይቻለውምና። ጥፋቱ በዕቃው፣ በወረቀቱ ወይም በመደብሩ አሠራር ውስጥ ከሆነ ግን በጥቂት ወጪ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ወጪ ሊታረም ይችላል።

በዚህ ዘመን ጥፋቱ ከየት እንደ ሆነ መርምሮ ማግኘትና ማቃናት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በሙያው የተሠማሩት ሰዎች የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይነሮች ይባላሉ። ስማቸው ረዘም ያለ ቢሆንም ሥራቸው ለማስረዳት አያስቸግርም። ሰው አንድን ዕቃ፣ ማሽን፣ ቅጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ሲጠቀም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያየውን፣ የሚያደርገውንና የሚሰማውን አጥንተው፣ ነገሩ እንዲቃናለት አድርገው የሚነድፉ ባለሙያዎች ናቸው። ስሙ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዶክተር ዶናልድ ኖርማን በ1993 አፕል ወደሚባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ሲገቡ በሥራ መጠሪያቸው ላይ ካዋሉት ወዲህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳ። ዛሬ አብዛኞቹ የዚህ ሙያ ሰዎች የሚሠሩት በኮምፒዩተርና በስልክ ጉዳይ ነው፤ የአሠራራቸው ዘዴ ግን ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ፣ ለሱቅም ለመጋዘንም እኩል የሚያገለግል ነው።

ዶክተር ኖርማን በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ከዘረዘሯቸው ምሳሌዎች አንዱ ስለ በር ነው። አንድ የመስተዋት በር ወደ ውስጥ የሚገፋ ሆኖ ሳለ በውጭው በኩል የሚጨበጥ እጀታ ተሠርቶለታል እንበል። የሚጨበጥ እጀታ ያገኘ እጅ ይስባል፤ ይህ የትምህርት ማነስ አይደለም። የመጣው ሰው ሁሉ ስቦ ስቦ በሩ አልከፈት ሲለው ያፍራል። ባለ ሱቁም ይህን አይቶ «ይግፉ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል፤ ነገር ግን ዐይን ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት እጅ ይቀድማል። ዲዛይነሩ በዚህ ጊዜ ጽሑፉን አንሥቶ፣ እጀታውንም ነቅሎ፣ በፈንታው ጠፍጣፋ ብረት ያደርግበታል። ጠፍጣፋ ብረትን ከመግፋት በቀር ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም። በርን ያህል ነገር የአጠቃቀም መመሪያ ተጽፎበት ከተገኘ፣ ጽሑፉ የሚመሰክረው ስለ ሰዎቹ አለማወቅ ሳይሆን ስለ በሩ ጉድለት ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ ከሆኑት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በገበያ ሳይሆን በአየር ኃይል ውስጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አንዳንድ አሜሪካውያን በሰላም ካረፉ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ገና በሜዳው ላይ ሳለ፣ ጎማውን በገዛ እጃቸው እያጠፉ በሆዱ ያስተኙት ነበር። በመዝገብ ላይ የሚጻፈውም «የአብራሪ ስሕተት» እየተባለ ነው። ጉዳዩን የመረመሩት ወጣቱ የሥነ ልቡና ምሁር አልፎንስ ቻፓኒስ ግን አብራሪዎቹን ከመውቀስ ይልቅ የሚቀመጡበትን ስፍራ ተመለከቱ። በክንፉ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሳንቃ የሚያዝዘው መቆጣጠሪያና ጎማውን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ጎን ለጎን የተተከሉ፣ ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ነበር። ደክሞት ያረፈ ሰው አንዱን እነካለሁ ሲል ሌላውን ይነካል። መቆጣጠሪያዎቹ ባልተመሳሰሉባቸው ሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ይህ ስሕተት አይታይም ነበር። መፍትሔውም ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ በአንደኛው ጫፍ ላይ የጎማ ቅርጽ ያለው፣ በሁለተኛው ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው መጨበጫ ተደረገ። እጅ በጨለማም ቢሆን ይለየዋል። ከጦርነቱም በኋላ፣ በ1947፣ ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች አብራሪዎች የተናገሯቸውን 460 ስሕተቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ብዙው ጥፋት ከመሣሪያው አደራደርና አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ።

አንድ ሰው ሲሳሳት የሰውየው ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ሰው በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠራ ግን መመርመር ያለበት ስፍራው ነው። የዲዛይነሮቹ ዘዴ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የሚስተር ሲልቫን ጎልድማን ታሪክ ነው። ሚስተር ጎልድማን በአሜሪካ በኦክላሆማ ሲቲ የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ባለቤት ነበሩ። ጊዜው 1936፣ አገሩም ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ያላገገመበት ነበር። በመደብሮቻቸው ገበያተኛው በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተዘዋወረ የሚፈልገውን ራሱ እያነሣ በእጁ ባንጠለጠለው ቅርጫት ያስቀምጣል። ሽያጭ እንዲጨምር የሚፈልግ ሌላ ነጋዴ ቢሆን ዋጋ ይቀንስ፣ ማስታወቂያ ያበዛ ወይም አዲስ ሸቀጥ ያመጣ ነበር። እርሳቸው ግን ቆመው የገበያተኛውን አካሄድ ተመለከቱ። ያዩትም ይህ ነው፤ ብዙው ሰው ወደ ሒሳብ መክፈያው የሚያመራው ቅርጫቱ ሲሞላ ወይም ክንዱን ሲከብደው ነበር። ሊገዛው የሚችለው ነገር ገና በመደርደሪያው ላይ አለ፤ ኪሱም ባዶ አይደለም። ገበያውን የሚወስነው ክንዱ ነበር!

በመጀመሪያ የሞከሩት ቀላሉን መንገድ ነው። የመደብሩ ሠራተኞች ቅርጫቱ የሞላበትን ገበያተኛ ሲያዩ ባዶ ቅርጫት እንዲሰጡትና የሞላውን ወደ ሒሳብ መክፈያው ወስደው እንዲያቆዩለት አዘዙ። ይህ ጥቂት ረዳ። ዳሩ ግን የሠራተኛ ጉልበት የሚጠይቅ ነበርና ሌላ ዘዴ ይፈልጉ ጀመር። አንድ ቀን ማታ በቢሯቸው ተቀምጠው ሳለ ዐይናቸው የሚታጠፍ የእንጨት ወንበር ላይ ዐረፈ። በመቀመጫው ላይ ቅርጫት ቢደረግበት፣ ከእግሮቹም ሥር ተሽከርካሪ ጎማ ቢገባለት ምን ይሆናል ብለው አሰቡ። ፍሬድ ያንግ ከተባሉት የመደብሩ ጠጋኝ ጋር ሆነው እየሠሩና እያፈረሱ ከቆዩ በኋላ፣ ሁለት ቅርጫት አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች የሚሸከም፣ ሥራ ሲያበቃም ታጥፎ የሚቀመጥ ጋሪ አወጡ። ጋሪው ለገበያተኛው የቀረበው በጁን 4 ቀን 1937 ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስለ ብልህ ፈጠራ የሚነገር ተራ ወሬ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጋሪው በመደብሩ በር ላይ ተደርድሮ ሲጠብቅ የሚነካው ሰው ጠፋ። ሚስተር ጎልድማን በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ወጣት ወንዶች ቅርጫት መሸከም የማይችሉ ደካሞች እንዳይመስሉ ፈሩ፤ ወጣት ሴቶች ጋሪው የሕፃን ማንሸራሸሪያ መስሎ ታያቸውና የልጁ ይበቃናል አሉ፤ ሽማግሌዎችም አቅመ ቢስ መስሎ መታየትን ጠሉ። ሁሉም ቅርጫቱን እንዳንጠለጠለ አለፈ።

ብዙ ነጋዴ በዚህ ላይ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ሰዉ ሥልጣኔ አይገባውም» ብሎ ጋሪውን ይጥለዋል፣ ወይ ጋሪውን እንደገና ይሠራዋል። ጋሪው ግን ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ጉድለቱ ጋሪ መግፋት በሰው ፊት ምን ያስመስላል በሚለው ላይ ነበር። እርሳቸውም ይህን ስለ ተረዱ፣ ወጣትም ሽማግሌም፣ ወንድም ሴትም የሆኑ ሰዎችን ቀጥረው ከበሩ አጠገብ ጋሪ እየገፉ የሚገዙ መስለው እንዲዘዋወሩ አደረጉ። በበሩም ላይ ጋሪ የምታቀርብ ሠራተኛ ቆመች፤ አልፈልግም ያለውን ሰው የሚገፉትን ወገኖች እያሳየች ሁሉም ሲጠቀሙበት እርስዎ ለምን ይቀራሉ ትለው ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጋሪው ተለመደ። ሚስተር ጎልድማንም ጋሪውን ለሌሎች ነጋዴዎች እየሠሩ በመሸጥ ትልቅ ሀብት አፈሩ።

በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ተለይቶ ሊታይ ይገባል። «ሽያጬ አነሰ» የሚለው የነጋዴው ጭንቀት ነው እንጂ ገና ችግሩ አይደለም። ችግሩ የተገኘው «ሰው ክንዱ ሲደክም መግዛት ያቆማል» ተብሎ ሲነገር ነው፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ ገና መፍትሔ የለበትም፤ ጋሪም ወንበርም አልተጠቀሰም። ዲዛይነሮች በዚህ ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። «የእኛ ችግር ጋሪ የለንም ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ሌላውን በር ሁሉ ዘግቶታልና። ሁለተኛውም፣ ተሞክሮ የተባለው ነገር የእጅና የዐይን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ክብርና ኀፍረትም በውስጡ አሉበት።

የክብር ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ በእኛ አገር ይህን ዘዴ ለመሞከር የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይሉኝታ ነው። ገበያተኛን ጠርቶ «አሠራራችን እንዴት ነው?» ቢሉት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አይል፣ ደኅና ነው» ብሎ ይሄዳል። ቅጹ ያልገባው ሰው አልገባኝም ከማለት ይልቅ «ነገ እመለሳለሁ» ማለት ይቀለዋል፤ ያ ነገም ብዙ ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ በጥያቄ የተገኘ ምስጋና ለነጋዴ እጅግ አሳሳች ነው። ከአፉ ይልቅ እጁን መመልከት ይሻላል፤ የት ላይ እንደሚዘገይ፣ የቱን ወረቀት ገልብጦ እንደሚያይ፣ ማንን ዘወር ብሎ እንደሚጠይቅ። መጠየቅ ግድ ከሆነም ስለ አስተያየቱ ሳይሆን ስለ አድራጎቱ ቢጠየቅ ይሻላል፤ «ባለፈው ሲያዙ መጀመሪያ ምን አደረጉ? ከዚያስ?» እየተባለ።

ይሉኝታ በሌለበት አገር እንኳ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ሁልጊዜ አይታመንም። በአሜሪካ የቤል ቴሌፎን የምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ምሁር ዶክተር ጆን ካርሊን የመዳብ ወጪ ለመቆጠብ የቴሌፎን ገመድ ምን ያህል ቢያጥር ይሻላል የሚል ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ገመዱ በዚያን ጊዜ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሰው ቢጠየቅ አይጠርብኝ እንደሚል የታወቀ ነው። እርሳቸው ግን የሥራ ባልደረቦቻቸውን ገመድ በየጊዜው በድብቅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እያስቆረጡ ጠበቁ። ገመዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪያጥር ድረስ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። በሚሊዮን የሚቆጠር ቴሌፎን ለሚያቀርብ ድርጅት ይህ ስንት መዳብ እንደሚሆን አስመጪዎች ሊያሰሉት ይችላሉ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ እጅግ የሚጠቀሰው ታሪክ ጃሬድ ስፑል የተባሉት አሜሪካዊ ባለሙያ በ2009 ያሳተሙት ነው። ስሙን ያልገለጹት አንድ ትልቅ ነጋዴ በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። ገበያተኛው የሚፈልገውን ዕቃ ከመረጠ በኋላ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ አንድ አጭር ቅጽ ይቀርብለታል። በቅጹ ላይ የኢሜይል አድራሻና የምስጢር ቃል የሚጻፍባቸው ሁለት ስፍራዎች፣ «ይግቡ» እና «ይመዝገቡ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች፣ እንዲሁም የምስጢር ቃሉን ለረሳ ሰው የተሰጠ አንድ መንገድ ነበሩ። ይህ ብቻ ነው። የነደፉት ሰዎች አስተሳሰብም ለአእምሮ የሚስማማ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አድራሻውን እንደገና ከመጻፍ ይድናል፤ አዲሱም ገበያተኛ ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ቢደክም አይከፋውም ብለው ነበር።

ስፑልና ረዳቶቻቸው ሰዎችን ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀምጠው፣ የሚገዙበትን ገንዘብም ሰጥተው ሲመለከቱ ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። አዲሱ ገበያተኛ ይመዝገቡ የሚለውን ቃል ሲያይ ተቆጣ፤ የመጣው ሊገዛ እንጂ ማኅበርተኛ ሊሆን አልነበረም። አንዳንዱ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደ ሆነ እንኳ አያስታውስም። የድሮው ደንበኛ ደግሞ በየትኛው አድራሻና በየትኛው የምስጢር ቃል እንደ ተመዘገበ ረስቷል። የነጋዴውም መዝገብ ሲመረመር ከደንበኞቹ 45 ከመቶ የሚሆኑት ከአንድ ጊዜ በላይ የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ፤ ዐሥር ጊዜ የተመዘገበም ነበር። በየቀኑ የምስጢር ቃሉ እንዲነገረው የሚጠይቀው ሰው እስከ 160,000 ይደርስ ነበር፤ ከእነዚህም 75 ከመቶ የሚሆኑት ከጠየቁ በኋላ ግዢውን ሳይፈጽሙ ቀርተዋል።

መፍትሔው የአንድ ቃል ለውጥ ነበር። «ይመዝገቡ» የሚለው ቁልፍ ተነሥቶ «ይቀጥሉ» የሚል ተተካ፤ ከአጠገቡም ለመግዛት መመዝገብ ግዴታ እንዳልሆነ፣ የሚፈልግ ሰው ግን በኋላ ሊመዘገብ እንደሚችል የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ተጻፈ። ስፑል እንደ ጻፉት ገዝቶ የሚጨርሰው ሰው ቁጥር በ45 ከመቶ ጨመረ፤ በመጀመሪያው ወር 15 ሚሊዮን ዶላር፣ በመጀመሪያው ዓመትም 300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሽያጭ ተገኘ። ትንሽ ነጋዴ እንዲህ ያለ ቁጥር አይጠብቅም። ነገር ግን ለደንበኞች መዝገብ ሲባል ግማሽ ኪሎ ስኳር ሊገዛ የመጣን ሰው ስምና የስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ሱቅ ያው ስሕተት በእጁ እንዳለ ሊያውቅ ይገባል።

መፍትሔ የመሰለ ነገር ሲገኝ ዲዛይነሮች ወዲያው ብዙ ገንዘብ አያወጡበትም። መጀመሪያ በርካሽ ይሞክሩታል፤ በወረቀት ላይ በእርሳስ ሥለው፣ በካርቶን ቆርጠው፣ ለጥቂት ሰዎች ይሰጡና ዝም ብለው ይመለከታሉ። ዝምታው ከባድ ነው። የሠራውን ነገር ሰው ሲሳሳትበት እያየ «እንዲህ እኮ ነው!» ከማለት የሚታገሥ ባለቤት ጥቂት ነው፤ ይሁንና በገበያው ላይ የሚያስረዳ ሰው አብሮ አይላክምና መታገሥ ግድ ነው። ለሙከራው ብዙ ሰው አያስፈልግም። ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ኒልሰን በ2000 እንደ ጻፉት፣ አምስት ሰዎች ብቻ ሲሞክሩት ካሉት ችግሮች 85 ከመቶ ያህሉ ይታያሉ። ስለዚህ ዐሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከመጥራት አምስት አምስቱን በሦስት ጊዜ መጥራትና በየመካከሉ ማረም ይበልጣል።

የሙከራን ጥቅም ለማየት የሚወድ ባለ ሱቅ በጠረጴዛው ላይ ያለውን የሒሳብ ማሽንና በኪሱ ያለውን ስልክ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። በሒሳቡ ማሽን ላይ ከላይ ያሉት ቁጥሮች 7፣ 8፣ 9 ሲሆኑ በስልኩ ላይ ግን 1፣ 2፣ 3 ናቸው። የስልኩ አደራደር የመጣው ከዚያው ከቤል ምርምር ቤት ነው። በ1960 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በክብ፣ በሁለት ረድፍና በሌላም መልክ የተደረደሩ ብዙ ዓይነት ቁልፎች ለሰዎች እየተሰጡ ፍጥነታቸውና ስሕተታቸው ተመዘነ። የሒሳብ ማሽኑ አደራደር አስቀድሞ በገበያ ላይ ስለ ነበረ ብቻ አልተወሰደም። በቁልፍ የሚደወለው ስልክ በኖቬምበር 1963 በፔንሲልቬንያ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ያው አደራደር እስከ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ አለ።

ይህ ዘዴ ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት አይደለም። ዋጋው ከጎረቤቱ የበለጠ ወይም ዕቃው በሁለት ሳምንት የሚሰበር ነጋዴ ቅጹን ቢያሳምር፣ በሩን ቢያቃና ትርፍ አያገኝም። በክፉ ልብ የሚጠቀምበትም አለ፤ መግባቱን ቀላል፣ መውጣቱን ግን አስቸጋሪ አድርጎ መንደፍ። ለዚህ ዓይነት ወጥመድ እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪግነል በ2010 ጨለማ ንድፍ የሚል ስም አውጥተውለታል። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን አማዞንን ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው የወርኀዊና የዓመታዊ አገልግሎት ደንበኛ አድርጓል፣ መሰረዙንም አክብዶባቸዋል ብሎ በ2023 ከስሶት፣ ኩባንያው በ2025 ጉዳዩን ለመዝጋት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚሁ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው።

ዘዴው በእኛው የንግድ ሥራ እንዴት እንደሚውል ለማሳየት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የመርካቶ የጅምላ ነጋዴ ለክፍለ ሀገር ቸርቻሪዎች ሳሙና ይልካል እንበል። ቸርቻሪው የታተመውን ማዘዣ ሞልቶ በስልክ ፎቶግራፍ ይልካል። በየወሩ ግን ክርክር አይጠፋም፤ አንዱ በዛብኝ ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው አነሰኝ ይላል፣ የመኪናው ኪራይም በከንቱ ይወጣል። ነጋዴው ቸርቻሪዎቹ ቸልተኞች ናቸው ብሎ ደምድሟል። ጸሐፊው ለማዘዝ የመጣ አንድ ቸርቻሪ አጠገብ ተቀምጦ ሲሞላ ዝም ብሎ ቢመለከት ግን የሚያየው ይህ ነው፤ «ብዛት» ከሚለው አምድ ላይ ሲደርስ እጁ ያመነታል፤ ከዚያ «6» ብሎ ይጽፋል። ቸርቻሪው የሚያስበው በደርዘን ነው፤ 6 ደርዘን 72 ፍሬ ይሆናል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ደግሞ የሚያስበው በካርቶን ነው፤ አንዱ ካርቶን 24 ፍሬ ስለሚይዝ 144 ፍሬ ይጭናል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው «ብዛት» የሚለው ቃል ነው።

እንግዲህ ሺህ ወረቀት እንደገና ከማሳተም በፊት በአምስት ወረቀት ላይ በእጅ ተጽፎ ይሞከር። አምዱ «ስንት ካርቶን?» ይባል፤ ከሥሩም «አንዱ ካርቶን 24 ፍሬ ወይም 2 ደርዘን» ተብሎ ይጻፍ፤ ከአጠገቡ «ጠቅላላ ፍሬ» የሚል ሌላ አምድ ይጨመርለት። 3 ካርቶን ብሎ 72 ፍሬ ያልጻፈ ሰው ካለ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይደወልለታል። ለሚመጡት አምስት ቸርቻሪዎች ያለ ምንም ማብራሪያ ይሰጥና ይታይ። ከሁሉ በፊት ግን ያለፈው ወር ክርክር ስንት እንደ ነበር በደብተር ቢመዘገብ መልካም ነው፤ ይህ ካልተደረገ ለውጡ መጥቀም አለመጥቀሙ በግምት ይቀራል።

አስመጪዎችና ላኪዎች ደግሞ የቀንና የሰዓት ነገር አለባቸው። ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ላይ 04/05/2025 ተብሎ የተጻፈ ቀን በአውሮፓ ሰው ዘንድ ሜይ 4፣ በአሜሪካ ሰው ዘንድ ኤፕሪል 5 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ሚያዝያ 26፣ ሁለተኛው መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል። የአንድ ወር ልዩነት ለመጋዘን ኪራይም ለባንክ ሰነድም ቀላል ነገር አይደለም። ሜይን በደፈናው ግንቦት ብሎ የሚተረጉምም ሰው ይሳሳታል፤ ግንቦት የሚጀምረው በሜይ 9 ነውና። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሾፌር 3 ሰዓት ማለት ጠዋት ሲሆን ለውጭው ወኪል 3 ሰዓት ከቀትር በኋላ ወይም ከሌሊቱ ነው። «ሰዓት አያከብርም» የተባለው ሾፌር በሰዓቱ ደርሶ ስድስት ሰዓት ሲጠብቅ የዋለ ሊሆን ይችላል። የወሩን ስም በፊደል የሚያስጽፍና የሁለቱን አቆጣጠር ስፍራ ጎን ለጎን የሚሰጥ ቅጽ ከማንኛውም ተግሣጽ ይበልጥ ይረዳል።

ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈልም የተለመደ ሆኗል። የመክፈያ ቁጥሩን ከመስተዋት ጀርባ በጥቃቅን አኃዝ የለጠፈ ሱቅ ካለ፣ ገበያተኛው ዕቃውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ፣ ወደ መስተዋቱ አጎንብሶ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲያነብ፣ ከበስተ ኋላው ሰልፍ ሲረዝም ይታያል። ባለ ሱቁ ለአንድ ቀን ጠዋት ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ፣ ገበያተኛው በሚቆምበት በኩል፣ ይቁምና ቁጥሩን ራሱ ያንብበው። አኃዞቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ከፋፍሎ፣ በትልቁ ጽፎ፣ ዐይን በሚያርፍበት ከፍታ ቢሰቅለው የሚያወጣው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ከዚያም ተመልሶ ወደ ስፍራው ይሂድና በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት፣ ስንት ሰው ቁጥሩን ድገሙልኝ እንዳለ ይቁጠር።